ደመወዝ ይብለጥ ወይስ የሚወዱት ሥራ?

ጥያቄ፦ ሥራዬን እወደዋለሁ። ሌላ መሥሪያ ቤት በ30 በመቶ ጭማሪ ሊቀጥረኝ ፈልጓል፤ ሥራው ግን አይማርከኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጭማሪውን በሰዓት ይመንዝሩት። ተቀናሹ ወጥቶ እጅዎ የሚገባውን ገንዘብ፣ መንገዱን ጨምሮ ለሥራው በሚያጠፉት ሰዓት ያካፍሉ። አሁን በሳምንት እጅዎ የሚገባው 100 ብር ነው እንበል። በሳምንት 40 ሰዓት ሥራና 5 ሰዓት መንገድ ከሆነ በሰዓት 2.22 ይደርስዎታል። አዲሱ 130 ከፍሎ 50 ሰዓት ሥራና 10 ሰዓት መንገድ ከጠየቀ 2.17 ብቻ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስታቸው ይሄ ነው!

ዕዳ እንቅልፍ ከነሳዎት ግን ገንዘቡን አይናቁት። ካልሆነ ለ2 ሳምንት ማታ ማታ ከውሎዎ የወደዱትን ይጻፉ። የሚደጋገመው የአለቃዎ ስም ከሆነ ይጠንቀቁ፤ አለቃ ይቀየራል። ሥራው ራሱ ከሆነ ይቆዩና አሁን ያሉበትን ቀጣሪ ጭማሪ ይጠይቁ።