ካርዱ አልተቃጠለም፣ የጠፋው ድራይቨሩ ነው

ከደሴ የጻፈችልን እህት ትንሽ የጽሕፈትና የህትመት ቤት አላት። የምትሠራበት ያገለገለ ኤችፒ ኢሊትቡክ 840 ጂ3 ላፕቶፕ ነው። ስለዘገየባት ለጠጋኝ ሰጠችው፤ እሱም ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 10 ጫነላት። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ገዝፏል፣ ደብዝዟል። ብርሃኑ አይቀነስም። ሁለተኛ ሞኒተር ብትሰካም ምንም አይመጣም። «የሰርግ ካርድ ላይ ያለው ቀለበት እንቁላል መስሎ ይታየኛል፤ ሳትመው ግን ክብ ነው» ትላለች። መልሳ ብትወስደው «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርድ ይቀየር» አሏት።

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ማዘርቦርድ አትቀይሪ።

የቀለበቱን ነገር ስትነግሪኝ ነው የገባኝ። ሲታተም ክብ ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የሚለጠጠው ስክሪኑ ላይ ነው ማለት ነው። የላፕቶፕሽ ስክሪን ሰፊ ነው፣ 16 ለ 9። ዊንዶውስ ግን በግምቴ 1024 በ768 እየላከለት ነው፤ ይሄ 4 ለ 3 ነው። ጠባቡ ምስል ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ወርዱ 4 ይሆናል። የተቃጠለ ቺፕ እንዲህ በልክ አይለጥጥም። መስመር ያሰምራል፣ ባለቀለም ነጠብጣብ ይረጫል፣ ወይ ጭራሽ ያጨልማል። ደግሞስ የትኛው ካርድ? በዚህ ሞዴል ግራፊክሱ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ለብቻው የሚቃጠል ካርድ የለም።

ልብሽ እንዲረጋ አንድ ነገር ሞክሪ። ላፕቶፑን አጥፊና ስታበሪው ኤፍ10ን ደጋግመሽ ምቺ። ባዮሱ ይከፈታል፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ነው። እዚያ መስመርና ነጠብጣብ ካላየሽ ቺፑ ደህና ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ምንም ሳትነኪ ውጪ።

አሁን ዊንዶውስ ውስጥ ግቢ። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጊና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቺ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ስትዘረጊው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ታገኛለሽ ብዬ እጠብቃለሁ። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ አንድን ቺፕ እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው፤ ይሄ ደግሞ ዊንዶውስ እውነተኛው ድራይቨር ሲጠፋበት የሚጠቀምበት ተጠባባቂ ነው። ምስል ያሳያል፣ በቃ። ብርሃን መቀነስ አያውቅም። ሁለተኛ ሞኒተር አያውቅም። ማጥፊያው ላይ «ስሊፕ» የሚለው ምርጫም ጠፍቶብሽ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳሽ፤ ይሄን ያወቀ ሰው በድራይቨር ጉዳይ ማንም አያታልለውም። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ታርጋ አለው። ስሙን የያዘውን መስመር ሁለቴ ክሊክ አድርጊ። ዲቴይልስ ውስጥ ገብተሽ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጪ። ረጅም መስመር ይመጣል፣ አትደንግጪ። የምንፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። በነባሩ የመኪና ታርጋ ላይ ኮዱና ክልሉ ቀድመው የማን እንደሆነ እንደሚነግሩሽ ሁሉ፣ እዚህም የመጀመሪያው ቁጥር የሠሪው ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። ቁጥሩን የወሰዱት ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ካወጣው 8086 ከሚባለው ፕሮሰሰር ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው፤ እሱም መጀመሪያ የኤቲአይ ነበር፣ ኤኤምዲ ኤቲአይን በ2006 እ.ኤ.አ. ሲገዛው አብሮ መጣ። ኤንቪዲያ ደግሞ በ10 ይጀምርና ሁለት ፊደል ይከተለዋል። ሁለተኛው ቁጥር የቺፑ የራሱ ነው። አንቺ ጋ 1916 ማየት አለብሽ፤ ኢንቴል ኤችዲ 520 ማለት ነው። 5916 ቢሆን ኖሮ ኤችዲ 620 ነበር፣ የሚቀጥለው ትውልድ። ዊንዶውስ ድራይቨር የሚያገናኘው በስም አይደለም፣ በዚህ ታርጋ ነው። ድራይቨሩ ውስጥ የሚያውቃቸው ታርጋዎች ዝርዝር አለ፤ ያንቺ ከሌለበት መቶ ጊዜ ብትጭኚውም አይቀበልም። እንግዲህ ቺፑ ጭራሽ ሞቶ ቢሆን ይሄን ታርጋ ማን ያነብልሽ ነበር?

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊው።

አሁን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ፎርማት ሲደረግ የዋይፋዩም ድራይቨር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስልክሽን በዩኤስቢ ገመድ ሰኪና ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሪ፤ አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ያለምንም ጭነት ይቀበለዋል። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን ክፈቺ፣ አማራጭ አፕዴቶች ውስጥ የኢንቴል ድራይቨር ካለ እሱን ጫኚ። ከሌለ ወደ ኤችፒ የራሱ የድጋፍ ገጽ ሂጂ፣ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር አስገቢና ለዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት የግራፊክስ ድራይቨሩን አውርጂ።

ከሌላ ቦታ አታውርጂ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትንኪ። በተለይ አንድ ነገር አደራ፦ ለመጫን አንቲቫይረስሽን አጥፊ የሚልሽ ፋይል ካለ ወዲያው ዝጊው። አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎት አጥፍቶ የጫነውን ላፕቶፕ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የእናቱ ፎቶዎች፣ ሁሉም ተቆልፈው በዶላር ክፈል የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀርቶለታል። ሳገላብጠው አመሸሁ፣ አንድም ፋይል አላዳንኩለትም። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀኝ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከመጫንሽ በፊት ቻርጀሩን ሰኪ። የደንበኞችሽን ሥራ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ስትገለብጪ ግን 1 ቴራ ተብሎ በርካሽ በሚሸጠው ፍላሽ አይሁን። ቁጥሩ የውሸት ነው፤ የገለበጠ ይመስልና ፋይሉን ስትከፍቺው ባዶ ነው። እነዚህን ፍላሾች የሚሸጥ ሰው የሰው ልፋት ነው የሚጥለው።

ሲጫን ስክሪኑ ለጥቂት ሴኮንድ ይጨልማል፣ ብልጭ ይላል። ማጥፊያውን እንዳትጫኚ፣ ጠብቂ። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጊ።

አልቀበልም ካለሽ የጠጋኙ እጅ አለበት። ከዲቫይስ ማናጀር ያለውን ድራይቨር አንኢንስቶል አድርጊ፤ የድራይቨሩ ሶፍትዌርም ይጥፋ የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሺ። ሪስታርት አድርገሽ እንደገና ጫኚ። ሲስተም ውስጥ ገብተሽ ደግሞ 64 ቢት መሆኑን እዪ፤ 32 ቢት ጭነው የሚሰዱ አሉ። ከዚህም የባሰ «ላይት» የሚሉት የተቆራረጠ ዊንዶውስ አለ። ቶሎ እንዲጫንላቸው ዊንዶውስ አፕዴትን ሳይቀር አውጥተውታል። ያ ያበሳጨኛል። ገንዘብ ተቀብሎ ግማሽ ዊንዶውስ መስጠት ምን ይባላል? እንደዚያ ከሆነ መጠገን አያዋጣም። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ደህና ፍላሽ ግዢ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱልን አውርደሽ ንጹሑን ጫኚ። የዚህ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ስለሆነ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አይደግፈውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። ለዚህ ነው አንቲቫይረሱ እንዳይጠፋ ደጋግሜ የምለምንሽ።

ሁለተኛው ሞኒተር ከዚህ በኋላም በትክክለኛው መጠን ካልመጣ ገመዱን ቀይሪ። ርካሽ የቪጂኤ ገመዶች ሞኒተሩ ማንነቱን ለኮምፒዩተሩ የሚናገርባቸው ሽቦዎች ሳይገናኙ ይሸጣሉ።

ሁሉም ካለቀ የሰርግ ካርዱን ክፈቺ። ማስመሪያ አምጪና ቀለበቱን ስክሪኑ ላይ ለኪው። ቁመቱና ወርዱ እኩል ከመጣ ሥራሽን ቀጥይ። ካልመጣ የጻፍሽውን ቁጥር ላኪልኝ።