ለድሬዳዋ ወጣቶች፦ ደቻቱን ደረቅ ሳለ እወቁት

ልጆቼ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲጨርስ ብዙዎቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ዛሬ ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ የምትረግጡት ደረቅ አሸዋ ያ ወንዝ ነው።

ከተማችሁ ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚነሣበት የደንገጎ ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁለቱ አጭርና የተራቆተ ስለሆነ ላይ የዘነበው ብዙ ሳይቆይ ታች ይደርሳል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከላይ መምጣት አለበት፤ ተራራው ላይ ስልክ የሚደውል ሰው፣ ታች ደግሞ ሌሊት የተኛውን የሚቀሰቅስ ድምፅ ያስፈልጋል። መሸሻችሁ ወንዙን የሚያቋርጥ አይሁን። 15 ሴንቲሜትር ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

ከአደጋው ወዲህ በተሠራው መከላከያ ግንብ ሰው ተረጋግቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መረጋጋት ነው። ግንብና ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ከእግራቸው ነው፤ ጎርፉ ከሥራቸው አፈሩን ይቦረቡርና ወደ ፊት ያጋድላሉ። ከግንቡ ሥር አሸዋ የሚያወጣ ሰው በበጋ የጎርፉን ሥራ እየሠራለት ነው። ከመሐል ማውጣት ግን ይጠቅማል፤ ደለል ወለሉን 1 ሜትር ካነሣው የ3 ሜትር ግንብ 2 ሜትር ሆነ ማለት ነው። የጋቢዮኑ ሽቦ ተቆርጦ እንደሆነ እዩ። ድንጋዩም ከሽቦው ቀዳዳ የሚተልቅ፣ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ይሁን።

ዋናው ሥራ ግን ተራራው ላይ ነው። መጀመሪያ እርከን፣ ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር፣ ማለትም ውሃውን የሚያዘገይ አነስተኛ የድንጋይ ግድብ፤ ሁሉም ከላይ ወደ ታች ይሠራል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር በውሃ ልክ እኩል ይሁን። መሐሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፣ ክንፎቹም ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ወደ ገደሉ ይግቡ፤ ያለዚያ ውሃው በጎን ቆፍሮ ያልፍና ክትሩ ለብቻው ይቀራል። ውሃው የሚወርድበት ላይ ድንጋይ አንጥፉ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል፣ ክትሩም በመጀመሪያው ክረምት ይፈርሳል።

ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚመጣ ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፦ በጥርና በሰኔ መጀመሪያ። ከእያንዳንዱ ሙላት በኋላ ደግሞ ውሃው እንደጎደለ የግንቡን እግር ሄዳችሁ እዩ።