ባዮፕሲውን አታዘግዩት

እህቴ፣ ታናሽሽ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለባት፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን እንደተገኘና ሐኪሙ የኩላሊት ባዮፕሲ እንዳዘዘ ጽፈሻል። «ምንም አያማትም፣ የግድ ነው ወይ?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን ዛሬ ነገ አልልም። የሉፐስ ኩላሊት መጀመሪያ ላይ አያምም። ሽንት አረፋ ይበዛዋል፣ ጠዋት ዓይን ሥር ያብጣል፤ አንዳንዴ እሱም የለም።

ባዮፕሲው በሆዷ አስተኝተው፣ ቦታውን አደንዝዘው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ በቀጭን መርፌ የሚወስዱት ናሙና ነው። ጉዳቱ ከ6ቱ ደረጃዎች የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። 3 ወይም 4 ከሆነ ይህን የሰውነት መከላከያ የሚያበርድ ጠንከር ያለ ሕክምና ይጀመራል፦ ፕሬድኒሶሎን ከማይኮፌኖሌት ወይም ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር። ሃይድሮክሲክሎሮኪንም አብሮ ይሰጣል፤ እሱ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ዓይኗን በየጊዜው ትታይ።

ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል። ወጣት ልጅ መስታወት አይታ ክኒኑን መተው ቢያምራት አይገርመኝም። ግን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። እባክሽ በዚህ ላይ ከጎኗ ሁኚ።

ማይኮፌኖሌት ጽንስ ይጎዳል። ልጅ ካሰበች ቀድማ ትናገር፤ ብዙ ጊዜ በአዛታዮፕሪን ይተካል። መገጣጠሚያዋን ባመማት ቁጥርም ፒያሳ ወርዳ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዛች እንዳትውጥ፤ ኩላሊቷን ይጎዳዋል።

ጥቁር አንበሳ የኩላሊት ሐኪሞች አሉ፣ ሪፈር ጠይቁ። የክሬቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት ውጤቶቿን በሙሉ በየቀናቸው ደርድራችሁ ያዙ።