ፍየሎቻችን ለምን ይሞታሉ? ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ግልገሎቼ እያለቁ ነው። ምን መድኃኒት ልስጥ?

መልስ፦ ስንት ሞቱ? በስንት ቀናቸው? ይህን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝልህ ሰው ገንዘብህን ነው የሚጨርሰው። ቆጥረህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የደለበው ወጠጤ ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ከትናንት ወዲያ የእህል ጆንያ ቀደው በልተዋል።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ከሲታው ተርፎ የደለበው በድንገት ሲሞት መጀመሪያ የምጠረጥረው የአንጀት መመረዝን ነው። አምጪው ባክቴሪያ ጤነኛ ፍየል አንጀት ውስጥም ጥቂት ይኖራል፤ እህል በብዛት ሲገባ ግን ይራባና መርዝ ያመነጫል። አንዳንዱ ይንፈራገጣል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይቆለምማል፣ አንዳንዱ ምንም ሳያሳይ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ለቀሩት እህሉን አቁም፣ ድርቆሽ ስጥ። ክትባት አለው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። ብዙ ሰው አንዴ አስወግቶ ይተወዋል።

ደግሜ እላለሁ፦ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ያልረጋ ደም ከወጣ ሬሳውን እንዳትከፍቱ፣ ሥጋውንም እንዳትነኩ። አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም ይገድላል።

ጥያቄ፦ ወተት የሚጨምር መኖ ይንገሩን።

መልስ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ሞት ነው።

አስተያየት፦ እኔ በየወሩ ለሁሉም የትል መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አንድም አልሞተብኝ።

ሌላ አስተያየት፦ እኔም እንደዛ ስል ነበር። በ3ኛው ዓመት መድኃኒቱ መሥራት አቆመ።

የመጀመሪያው፦ መጠኑን አሳንሰህ ይሆናል።

ሁለተኛው፦ በበግ ልክ ነው የሰጠሁት።

መልስ፦ እሱም አንዱ ስህተት ነው፤ ለብዙዎቹ የትል መድኃኒቶች የበግ መጠን ለፍየል ያንሳል። በጅምላ በየወሩ መስጠት ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ትል ያፈራል። የፍየሏን የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩት። ቀይ ከሆነ ተዋት። ወረቀት ከመሰለ ደም መጣጩ ትል እየጨረሳት ነው። ይህ ትል ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ስለማያመጣ ሰው ይዘናጋል፣ አገጯ ሥር ውኃ ሲቋጥር ነው የሚደነግጠው።

ጥያቄ፦ ፍየሎቼ ያስላሉ፣ ያተኩሳቸዋል፣ 4 ሞቱ። አብረው የሚውሉት በጎች ደህና ናቸው።

መልስ፦ ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ቢሆን በጎቹንም ይይዝ ነበር፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥም ታይ ነበር። ይሄ ተላላፊውን የፍየል ሳምባ በሽታ ይመስላል። አዲስ ፍየል ቀላቅለሃል?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ከ3 ሳምንት በፊት።

መልስ፦ የሚያስሉትን ለይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጥራ። አዲስ የተገዛ ሳይነጠል አይቀላቀልም፣ ስንቴ ልበል!

ጥያቄ፦ ፍየሌ ታማለች፣ ምን ልስጣት?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ቆጠርኩ። 7 ናቸው፣ ሁሉም ሳምንት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት።

መልስ፦ እንገር፣ ማለትም የእናታቸውን የመጀመሪያ ወተት፣ በተወለዱ በስንት ሰዓት ጠቡ? ግልገል ከእናቱ ማህፀን የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወጣም፣ ከእንገሩ ነው የሚያገኘው። አንጀቱም መከላከያውን የሚቀበለው ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው።

ጠያቂ፦ አላየሁም። ሌሊት ነው የሚወልዱት።

መልስ፦ የቀሩት እርጉዞች ስንት ናቸው? መውለጃቸው ሲደርስ ጋጣው ጋ እደር።