ለባሕር ሥነ-ሕይወት ድኅረ ምረቃ ለምታመለክቱ ልጆች

ውድ ወጣቶች፣

ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ልታመለክቱ ስትነሡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ነጥቤ ይህን ያህል ነው፤ የመግባት ዕድሌ ምን ያህል ነው?» ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ግን ነጥብን ብቻ አይቶ ይህን የሚመልስላችሁ ሰው የለም። በተለይ በፒኤችዲ፣ ዕድላችሁ የሚወሰነው ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ሊያማክራችሁ በሚችለው ሰው ነው።

በአሜሪካ ባሉት አብዛኞቹ የባሕር ሳይንስ ፕሮግራሞች ኮሚቴው ማመልከቻችሁን ቢወደውም፣ «ይህችን ልጅ እኔ እወስዳታለሁ» የሚል ፕሮፌሰር ካልተገኘ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ በዚያ ዓመት ቦታም ገንዘብም ሊኖረው ይገባል። የፒኤችዲ ተማሪ የትምህርት ክፍያና የወር አበል የሚሸፈነው ከምርምር በጀት፣ በረዳት መምህርነት ከሚገኝ ደመወዝ ወይም ከፌሎውሺፕ፣ ማለትም ለተማሪው በስሙ ከሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ስለዚህ ግሩም ውጤት ያላት ልጅ ሳትገባ ቀርታ መካከለኛ ውጤት ያለው ልጅ ቢገባ አይግረማችሁ። እሷ ያመለከተችበት ቤተ ሙከራ የምርምር ገንዘቡ ያለቀበት፣ ፕሮፌሰሩም ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ከትራንስክሪፕት ላይ ማንበብ አይቻልም።

አውሮፓ ውስጥ መንገዱ ይለያል። በአብዛኛው ማስተርስ ይቀድማል፤ የፒኤችዲ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምርምር ርእሱ ተጠቅሶ እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል። ማስተርስ ላይ ውጤት ከፍ ያለ ክብደት አለው። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረውን፣ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡትን «ኢምብርሲ» የተባለ የሁለት ዓመት ማስተርስ ተመልከቱ። እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች መግባት አንድ ነገር ነው፣ ስኮላርሺፕ ማግኘት ሌላ። ሁለቱን ዕድሎች ለየብቻ መዝኗቸው።

አሁን አማካሪው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። ማመልከቻዎች ሲነበቡ ስለ ዶልፊን፣ ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ስለ ሻርክና ስለ ኮራል ፍቅር የሚናገሩ ደብዳቤዎች ይደራረባሉ። ፍቅሩ እውነት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን አመልካች የሚሻማበት ቦታ ጠባብ ነው። ስለ ፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ስለ ባሕር ወለል ትሎች፣ ስለ ዓሣ ጥገኛ ተውሳኮች ወይም ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ከልቡ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ግን አንባቢው ቀና ይላል። ፕሮክሎሮኮከስ የተባለችው ባክቴሪያ ፎቶሲንተሲስ ከሚያካሂዱ ፍጥረታት ሁሉ በቁጥር የምትበልጥ ሆና ሳለ፣ የባሕር ሳይንቲስቷ ሳሊ ቺሾልምና ባልደረቦቿ እስከደረሱባት እስከ 1980ዎቹ ድረስ አትታወቅም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ገና ብዙ አለ። የማትወዱትን ርእስ ለመግባት ብላችሁ ምረጡ ማለቴ አይደለም፤ ፍላጎታችሁን ከምታውቋቸው ጥቂት ውብ እንስሳት አሻግራችሁ ፈትሹት ማለቴ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አማካሪው የሚያየው የስታቲስቲክስ ችሎታችሁን ነው። የባሕር ሥነ-ሕይወት ተመራማሪ ከውኃ ይልቅ ከኮምፒውተር ፊት ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። «አር» በተባለው ፕሮግራም ዳታ አጽድቶ፣ ተንትኖ፣ ግራፍ ሠርቶ የሚያሳይ ተማሪ የመጥለቅ ሰርተፊኬት ብቻ ካለው ይቀድማል። ባሕር አጠገብ አለመኖራችሁም አያስቀራችሁም። በሐይቅ ዓሣ ላይ ኦቶሊት፣ ማለትም የውስጠኛውን ጆሮ ድንጋይ፣ ቆርጦ ዕድሜ ማንበብ የተማረ ልጅ ያንኑ ሙያ ለባሕር ዓሣ ይጠቀምበታል። «ኦቢስ» የተባለው የውቅያኖስ ብዝኃ ሕይወት የመረጃ ቋትም ለማንም ክፍት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው መልሱ። ትንሽም ቢሆን የተጠናቀቀ ሥራ፣ ተጀምረው ከቀሩ ብዙ ልምምዶች ይበልጣል።

በአሜሪካ ብዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች 3.0 ነጥብን እንደ መነሻ ይይዛሉ። ከዚያ በታች ከሆናችሁ የመጨረሻ ዓመታት ውጤታችሁ መሻሻሉን አሳዩ፣ ወይም በማስተርስ በኩል ግቡ። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡበት።

እውነተኛውን ዕድላችሁን የምታውቁት በመጻፍ ነው። በአሜሪካ ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚዘጉት በታኅሣሥ (ዲሴምበር) አካባቢ ስለሆነ፣ በመስከረምና በጥቅምት (ሴፕቴምበርና ኦክቶበር) ለፕሮፌሰሮቹ ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ በቅርብ ካሳተሙት ጽሑፍ ምን እንዳሳሰባችሁ፣ እናንተ ምን እንደሠራችሁ፣ በመጨረሻም «ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ የመቀበል ዕቅድ አለዎት?» የሚል። «ገንዘብ የለኝም» የሚል መልስ ከመጣ የማመልከቻ ክፍያችሁን አተረፋችሁ። «እንነጋገር» ካሉ በሩ ተከፍቷል። ዝምታ ግን እምቢታ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ በትሕትና አስታውሱ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ከመቀበላችሁ በፊት የዚያን ቤተ ሙከራ ተማሪዎች ለብቻቸው አነጋግሩ። ፕሮፌሰሩ ረቂቅ ጽሑፍ በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልሳል? ያቋረጡ ተማሪዎች አሉ? ለምን? ታላቅ ስም ያለው ሰው ሁሉ ጥሩ አማካሪ አይደለም፤ ከማይሆን ሰው ጋር የሚያልፉት ዓመታት የጎበዝ ልጅን ልብ ይሰብራሉ።

ሳይሳካ ቢቀር ደግሞ ለፕሮፌሰሩ መልሳችሁ ጻፉ። ምክንያቱ በጀት ነበር ወይስ የዝግጅት ጉድለት ብላችሁ ጠይቁ። በጀት ከነበረ በሚቀጥለው መስከረም ለዚያው ሰው እንደገና ጻፉ፤ ስማችሁን ያውቀዋል።