ቁጣችሁ የማን እንደሆነ እወቁ፦ ለወጣት ፖሊሶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ወጥቼ መንገድ ልሻገር ስል፣ አንድ ወጣት ፖሊስ በባጃጅ ሹፌር ላይ ሲጮህ ሰማሁ። የሹፌሩ ጥፋት ትንሽ ነበር፤ ማቆም በተከለከለበት ቦታ ለአንዲት እናት ዘንቢል ሊያወርድ ቆሟል። ጩኸቱ ግን ለነፍሰ ገዳይ የሚበቃ ነበር። የልጁ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ላብ ጠጥቶ ደርቆ፣ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ባጃጁ ከሄደ በኋላ ጠጋ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁትና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ጠየቅሁት። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ በታመመ ባልደረባው ምትክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሳይተኛ እዚያው እንዳለ ነገረኝ። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ነው፤ እርሱን ለመሰላችሁ ሁሉ ጭምር።

እኔ የፖሊስ ልብስ የለበስኩት በ1987 ዓ.ም. ነው። 26 ዓመት ሠርቼ በጡረታ ወጣሁ፤ አብዛኛውን ጊዜዬን ድሬዳዋ ውስጥ መርማሪ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ስለ ተኩስና ስለ ሌባ ማሳደድ መስማት ይፈልጋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለሕይወቴ የሠጋሁባቸው ቀናት ግን ከአሥር ጣቶቼ አይበልጡም። ያደከመኝ ሌላው ቀን ነው፤ ምንም ያልተፈጠረበት፣ በመዝገብ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ የተጻፈበት ቀን። በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ቆመህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ባልና ሚስት ሲሰዳደቡ ትሰማለህ፣ ገንዘቧን የተነጠቀች ነጋዴ ስታለቅስ ትሰማለህ፣ አለቃህ ሲቆጣ ትሰማለህ። ሁሉም ሰው ወደ አንተ የሚመጣው በሕይወቱ በከፋው ቀን ነው፤ ለአንተ ግን ያ የዘወትር ማክሰኞህ ነው። ሰው ሲደሰት ፖሊስ አይጠራም።

በዚህ ላይ ፈቃድ አለ፣ ወይም የለም ማለት ይቀላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ፣ የዚህ አካባቢ ፖሊስ ቤተሰቡን ይዞ ሊሳለም አይሄድም፤ ሕዝቡን ሊጠብቅ ይሰማራል። በታኅሣሥ ሌሊት በቁልቢ ደጋ ብርድ ስትንቀጠቀጥ ታድርና፣ በማግስቱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደህ ድሬ ሙቀት ውስጥ ትገባለህ። በመንገዱ ላይ የተገለበጠ አይሱዙ ካጋጠመህም ወርደህ ሰው ታወጣለህ። ዒድም ያው ነው፣ ፋሲካም ያው ነው። ልጆቻችሁ የበዓል ፎቶግራፍ ሲያወጡ እናንተ የምትጎድሉበት ዓመት ይበዛል። ይህን ቀድማችሁ ለትዳር አጋራችሁ ተናገሩ፤ ከሠርግ በኋላ የሚሰማ ወሬ አይሁን።

ሰዓት የሚባለው ነገርም አለ። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። መርማሪ የሆነ ሰው ይህ ቁጥር በእንቅልፉም ውስጥ ይቆጥርበታል። ምስክር ስልኩን ዘግቷል፣ የሕክምና ማስረጃ አልደረሰም፣ አስተርጓሚ የለም፣ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ምርመራው ካላለቀ የጊዜ ቀጠሮ ትጠይቃለህ፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዳኛው ዋስትና ከፈቀዱ ተጠርጣሪው ይወጣል። በማግስቱ አሸዋ ገበያ ውስጥ የተበዳዩ ወንድም ያገኝህና «በልታችሁ ለቀቃችሁት» ይልሃል። ዳኛ እንደፈቀደ፣ ዋስትና መብት እንደሆነ ማን ይነግረዋል? እኔ በወጣትነቴ ይህን ስሰማ ደሜ ፈልቶ ጥዬው እሄድ ነበር። ኋላ ላይ ግን ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉም አያምንህም፤ ያመነህ ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ምስክር ሆኖ ይመጣል።

አሁን በእነዚህ 26 ዓመታት ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁ። ስለ ቁጣ የምላችሁ ሁሉ የመጣው ከእርሱ ነው።

የደቻቱን ወንዝ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት በዚያ አሸዋ ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከጭቃ ውስጥ ሰው ስናወጣ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛና መዝገብ ተሰጠኝና የጠፉ ሰዎችን ስም እንድመዘግብ ታዘዝኩ። መዝገቡ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የለበሰው ልብስ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። «የለበሰው ልብስ» በሚለው ሥር አብዛኛው ሰው የሚያስመዘግበው ነገር አልነበረውም፤ ውሃው የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነበርና። «ሽርጥ» እያልኩ ጻፍኩ፣ «አንሶላ» እያልኩ ጻፍኩ፣ ብዙውን ባዶ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት እናት መጡ። ከዚያ በፊትም መጥተው አስመዝግበዋል፤ መልካቸውን አስታወስኩ። እጃቸውን መዝገቡ ላይ አድርገው «ኢልመ ኮ» አሉ። ድሬዳዋ ውስጥ 11 ዓመት ኖሬ ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ ያለፈ ኦሮምኛ አልተማርኩም ነበር። «ኢልመ ኮ»ን ግን በዚያ ሰሞን በቀን መቶ ጊዜ ስለሰማሁት አወቅሁት፤ «ልጄ» ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል አላወቅሁትም። ደግመው ሲናገሩ፣ ደግመው መዝገቡን ሲነኩ፣ ተነሥቼ ጮህኩባቸው። ስሙን ጽፌያለሁ፣ ስንት ጊዜ ልጻፍልሽ፣ ሌላው ሰው ይጠብቃል አልኩ። «አንቺ» ነው ያልኩት፤ የእናቴ እኩያ ናቸው። አላለቀሱም። ሻሻቸውን አስተካክለው ቆሙ። ከኋላዬ የነበረ ባልደረባዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ቃሉን ተረጎመልኝ። «ኢልመ ኮ አዋሌራ» ነው የሚሉት፣ «ልጄን ቀብሬዋለሁ»። ስሙን እንድሰርዝ ነው የመጡት። አስከሬኑ ሲገኝ ተመልሳችሁ አሳውቁ ብለን ስለነበር፣ ከቀብር ወጥተው በእግራቸው መጡ፤ ሌላ ሰው ልጃቸውን በመፈለግ እንዳይደክም።

ስሙን ሰረዝኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚበቃ ኦሮምኛ በተማርኩ ጊዜ ባስመዘገቡት ሰፈር ሄጄ ፈለግኋቸው፤ ቤቱን ውሃ ወስዶት ነበር፣ እርሳቸው የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ያ ጩኸት ለእርሳቸው የሚገባ አልነበረም። ውስጤ ያለው ቁጣ ከእርሳቸው በፊት የተጠራቀመ ነው፦ የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት፣ ከጭቃ ያወጣኋቸው ሕፃናት፣ ጓንት እንዲመጣልን ለምነን በሬድዮ የተሰጠን መልስ። እነዚህን ሁሉ ሰብስቤ ጉልበት በሌላቸው ሰው ላይ ጣልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ሲግል ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቁጣ የማን ነው? ከፊቴ ላለው ሰው የሚገባ ነው ወይስ ለሌላ? ብዙውን ጊዜ ለሌላ ነው። ለአለቃዬ ነው፣ ለደመወዜ ነው፣ ኪራይ ለጨመረብኝ አከራዬ ነው። የባጃጁ ሹፌር ያንን ዕዳ አልተበደረም።

በምርመራ ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ሕፃን የደፈረ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ «አላውቅም» ሲል እጅ ይበላል፤ አውቀዋለሁ። አብሮኝ የሠራ አንድ ሰው እጁን መያዝ አልቻለም። ሕገ መንግሥቱ በግዳጅ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላልና፣ ያ ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ወደቀ። የልጅቱ እናት ውሳኔውን የሰማችው ከእኔ አፍ ነው። አንድ ሰው ንዴቱን ስላስተነፈሰ ፍትሕ ያጣችው ልጅቱ ሆነች። እጅ ሲበላችሁ እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ምርመራውን ሌላ ባልደረባ ይቀጥል። ይህ ሽንፈት አይደለም።

ለሴት ፖሊሶች ለብቻ የምለው አለኝ። የተደፈረች ልጅ ስትመጣ፣ የተደበደበች ሚስት ስትመጣ፣ የተጣለ ሕፃን ሲገኝ፣ «እርሷ ትቀበል» እየተባለ ወደ እናንተ ይላካል። ልጅቱ ለሴት ብትናገር ይቀላታልና ልክ ነው። ግን በዚህ ምክንያት ከወንዶቹ እጥፍ ክፉ ነገር ትሰማላችሁ፤ ይህ ደግሞ በግምገማ ላይ እንደ ሥራ ሲቆጠርላችሁ አላየሁም። በቀን አንድ እንዲህ ያለ ቃል የተቀበለች ሁለተኛውን ለባልደረባዋ እንድታስተላልፍ ጠይቁ። አለቃ የሆናችሁም ስሙኝ፦ ጆሮ እንደ ትከሻ ይደክማል፤ ተራ አውጡለት።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ከድሬ የጻፍኩ አልመስልም። ሌሊቱን ለመንቃት ትቅማላችሁ፤ ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ እርሱን ለመስበር ትጠጣላችሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ሁለቱም መቆምም መተኛትም የማይችል ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ፤ አንድ ብቻም አይደለም። ከሌሊት ተረኛነት ስትወጡ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱ፣ ስልካችሁን ለሰው ስጡ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ተኙ። በኋላ ከበርጫው ብትቀሩ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

እኔን ከቤቴ ጋር ያስታረቀኝ ባልዲ ነው። አንድ ማታ ገብቼ ልጄን መተላለፊያው ላይ ደብተር ዘርግቶ ባገኘው ጮህኩበት። ባለቤቴ አላዘነችም፣ አልተጣላችም። በማግስቱ ስመጣ ግቢው በር ላይ ባልዲ ውሃና በርጩማ አስቀምጣ «ጫማህን እዚህ አውልቅ፣ እግርህን ታጠብ፣ ከዚያ ግባ» አለችኝ። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በቦት ጫማ የዋለ እግር ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። እዚያ በርጩማ ላይ አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ ኋላ እርሷ ጀበናዋን ይዛ ትመጣና ትንሽ ትንሽ እነግራት ጀመር። የሰው ምሥጢር አልነገርኳትም፤ መዝገብ መዝገብ ነው። የነገርኳት እኔ የሆንኩትን ነው፦ ዛሬ ፈራሁ፣ ዛሬ አዘንኩ፣ ዛሬ በማይገባው ሰው ላይ ጮህኩ።

ሚስት ወይም ባል የሌላችሁ፣ ባልደረባ ፈልጉ፤ የልብ የሚነገረው አንድ ሰው ይበቃል። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፤ ግን እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃችሁ ወይም ያያችሁት ሬሳ በቀን ፊታችሁ ከተደቀነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወባ ሲይዛችሁ የምትሄዱ አይደላችሁም? መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ የመጣበት ልጅ ካለ ደግሞ ይህን ያድርግ፦ በዚያው ሰዓት መሣሪያውን ለተረኛው ያስረክብ፣ ምክንያቱንም ይናገር። የተነገራችሁም ሰዎች አትሳቁ፣ ለሰው አታውሩ፣ ብቻውን አትተዉት።

ኦሮምኛም ሶማልኛም ተማሩ። በዚህች ከተማ ከጭንቀታችሁ ብዙው የሚመጣው የሚነገራችሁን ካለመረዳት ነው። ሰው በራሱ ቋንቋ «አቦ፣ ተረጋጋ» ሲባል ድምፁ ግማሽ ይወርዳል፤ የእናንተም አብሮ ይወርዳል።

ለከዚራው ልጅ በዚያ ቀን ውሃ ገዝቼ ሰጠሁትና ቤቴን አመላከትኩት። ሳቢያን ነው፣ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልመጣም። ይህን ካነበብህ ልጄ፣ ጠዋት ከተረኛነት ስትወጣ ጎራ በል፤ ባልዲውም በርጩማውም በሩ ላይ አሉ።