የቺካጎ ዋይት ሶክስ 121 ሽንፈቶች

የቺካጎው የቤዝቦል ቡድን ዋይት ሶክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያን ያህል የተሸነፈው በአሰልጣኙ ድክመት ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት እርሱ አይደለም። ቡድኑ ከ162 ጨዋታዎች 41 ብቻ አሸንፎ በ121 ሲረታ፣ የኒው ዮርክ ሜትስ ከ1962 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የዘመናዊው ቤዝቦል (ከ1900 ወዲህ ያለው) የ120 ሽንፈት መጥፎ ክብረ ወሰን ወስዷል። አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል ከ21 ተከታታይ ሽንፈት በኋላ በኦገስት ቢሰናበቱም ነገሩ አልተሻሻለም፤ ምክንያቱም አመራሩ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ዋነኛውን ኳስ ወርዋሪ ዲላን ሲስን ለሳንዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። እስካሁን ልቤን የሚነካው 121ኛው ሽንፈት ነው፦ ዲትሮይት ላይ 4 ለ 1 ተረትተው ሲወጡ፣ ባለሜዳዎቹ ታይገርስ ወደ ጥሎ ማለፉ መግባታቸውን እየጨፈሩ ያከብሩ ነበር።